ለምህንድስና ተማሪዎች ጽሑፍ የሚያማክር ሰው ይመደብላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። የመታወቂያ ኮፒ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፤ የዘወትር ሥራዬ ይኸው ነው። ግንቦት ሲገባ ግን ቤቷ በተማሪ ትሞላለች። ፍላሻቸውን ይዘው ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ ሊያሳትሙና ሊያስጠርዙ ይመጣሉ። የሲቪል አለ፣ የኬሚካል አለ፣ የኤሌክትሪካል አለ። አንዳንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ይማራል፣ አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ተምሮ ቤተሰቡ ጋ የመጣ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ግቢ አይደለም።

ልመናዬ አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎች አጠገባቸው ተቀምጦ ጽሑፋቸውን የሚያማክር ሰው ይመድቡላቸው።

አምና የመጣ አንድ የሲቪል ተማሪ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የቡና ገለባ አመድ በሲሚንቶ ምትክ እየቀላቀለ ኮንክሪት ሠርቷል። በኪዩብ ቅርጽ ያወጣቸውን የኮንክሪት ናሙናዎች በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሰብሮ ጥንካሬያቸውን ለክቷል። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ያለው አንቀጽ ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች መልሶ ይቆጥራል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ሳትም አነባለሁ። «ልጄ፣ አመዱ ሲበዛ ጥንካሬው ለምን ወረደ?» አልኩት። ዓይኑ በራ። «ማዘር፣ አመዱ ውኃ ይጠጣል። ድብልቁ ይደርቅና በደንብ አይጠቀጠቅም፤ ውስጡ ክፍተት ይቀራል» አለኝ፣ በእጁ እያሳየ። እኔ እንኳን ገባኝ። «ታዲያ ይሄን የቱ ጋ ጻፍከው?» ስለው ገጾቹን ወደፊት ወደኋላ ገለበጠ። የትም የለም።

የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ሰጠሁትና የነገረኝን በአማርኛ እንዲጽፈው ጠየቅኩት። ከዚያ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጥቂት መስመር ነው፣ ሰዋስዉም ፍጹም አልነበረም። ግን ከጽሑፉ ሁሉ የእሱ የሆነው ያ ነበር። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ያጣው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ይህ የሚሆነው ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው የሚል ካለ አልቀበለውም። መንገዳቸውን እንይ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልስ መምረጥ እንጂ መጻፍ የለውም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም እንደዚያው ነው። ፍሬሽማን ላይ የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ምህንድስና ደግሞ አምስት ዓመት ነው። በመሐል ያለው የላብ (የላብራቶሪ) ሪፖርት በግሩፕ ይሠራል። በግሩፕ ሲባል አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ስሙን ያስገባል፤ ብዙ ጊዜም የሲኒየሮች ሶፍት ኮፒ ቀኑ ተቀይሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ የራሱን ሐሳብ ሦስት ገጽ ጽፎ የማያውቅ ልጅ አምስተኛ ዓመት ላይ ድንገት ሙሉ ቴሲስ ጻፍ ይባላል።

ገበያው ይህን ቶሎ አውቋል። በየመብራት ፖሉ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቴሌግራም ላይማ አይነገርም። ብዙው ማማከር የሚለው ጽፎ መሸጥን ነው። እኔም ጋ «አንቺስ አትሠሪልንም?» እያሉ የሚመጡ አሉ። አልሠራም። ግን ልጁ ዲፌንሱ፣ ቴሲሱን መምህራን ፊት የሚያቀርብበት ቀን፣ ደርሶበት፣ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ፣ እናቱ የላከችለትን ብር ይዞ ሲቆም ማየት ያማል።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። እንግሊዝኛው ያማረ ነው፣ አይካድም። ነገር ግን የዚያ ልጅ ኪዩብ ለምን ቀድሞ እንደተሰበረ አያውቅም፤ ላብ ውስጥ አልነበረማ። በምትኩ ልጁ ያልሠራውን ሙከራ አሳምሮ ይጽፍለታል። ይህ ያስፈራኛል። እዚሁ ሰፈር ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ነገ ስለ ብሎኬቱ፣ ስለ ኮለኑ፣ ስለ አፈሩ ሪፖርት የሚጽፉልን እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ቴሲሱን የሚከታተሉትን መምህራን፣ አድቫይዘሮችን፣ መውቀስ አልፈልግም። ብዙ ተማሪ ተሸክመዋል፣ የሚያርሙትም ይዘቱን ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት አሉ፤ ከባዶ መነሳት አያስፈልግም። እነዚህ ማዕከላት ለላብ ሪፖርት፣ ለኢንተርንሺፕ ሪፖርትና ለቴሲስ የሚሆን አንድ ጠረጴዛ ይጨምሩ። አሜሪካ ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ማማከሪያውን የከፈተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ነው። ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ትምህርት የእኛም ልጆች በነፃ ያነቡታል። ግን ድረ ገጽ «ለምን ወረደ?» ብሎ አይጠይቅም።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው የግድ የቋንቋ መምህር መሆን የለበትም። ጎበዝ የአምስተኛ ዓመት ወይም የማስተርስ ተማሪ በሰዓት ትንሽ ክፍያ ቢሠራው ይበቃል። የሲቪሉን የሲቪል፣ የኬሚካሉን የኬሚካል ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። እስክሪብቶው ግን ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። አማካሪው ይጠይቅ፣ ልጁ ይመልስ፣ የመለሰውን ይጻፍ። መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢያስረዳም ምንም አይደል። የሚጀመረውም አምስተኛ ዓመት ላይ ሳይሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከመጀመሪያው የላብ ሪፖርት ይሁን። ማታም ክፍት ይሁን፤ ላብ የሚያልቀው አመሻሽ ላይ ነው።

እስከዚያው እኔ የምችለውን ልበል። ቤቴ እሑድ ከሰዓት ሥራ የለባትም። ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት አለ። ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ አካባቢ የምትኖሩ መሐንዲሶችና መምህራን፣ ከተማሪ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ምዕራፍ ለማየት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ኑ። የኪራይ አልጠይቅም፤ ለረቂቅ የሚሆን ወረቀትም ከእኔ ነው።

የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከኮዬ ፈጬ