ውጤቱ ይጽና፣ ጨዋታውም ይቀጥል፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የሁለቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመታዊ የእግር ኳስ ጨዋታ ከተካሄደ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ የደጋፊዎቹ ክርክር ግን ገና አልበረደም። የተሸነፈው ትምህርት ቤት ደጋፊዎች ጨዋታው እንዲደገም ለጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ አስገብተዋል፤ በጭቅጭቁ የተሰላቹ ወላጆች ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች ከእንግዲህ እንዳይገናኙ እየጠየቁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሁለቱንም ጥያቄዎች እንዳይቀበሉ ለመለመን ነው። በተሸነፈው ትምህርት ቤት ለ19 ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ለሌላው ወገን አድልቼ የምናገር እንደማይመስልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ክርክሩን ያስነሣችው በ78ኛው ደቂቃ የተቆጠረችው ብቸኛ ግብ ናት። ከርቀት የተመታችው ኳስ የላይኛውን አግዳሚ ገጭታ ወደ መሬት ወረደች፤ በረኛው ተወርውሮ ያዛትና ወደ ደረቱ ሳባት። ረዳት ዳኛው ግብ መሆኗን ሲያመለክት ዋናው ዳኛ አጸደቃት፤ ጨዋታውም 1 ለ 0 ተጠናቀቀ። እኔ የተቀመጥኩት በዚያው ግብ በኩል፣ ከማዕዘን መምቻው አጠገብ ነበር። ኳሷ መስመሩን ማለፍ አለማለፏን አላየሁም። አየሁ የሚሉትም ከእኔ የተሻለ ቦታ ላይ አልነበሩም።

ሕዝቡ ከሜዳው ከወጣ በኋላ ወደ ግቡ ሄጄ መሬቱን ተመለከትኩ። ጠዋት የተሠመረው ኖራ በሁለቱ ቋሚዎች ሥር አንድ አንድ እርምጃ ያህል ቀርቷል፤ በመካከሉ ግን በበረኞቹና በተከላካዮቹ ጫማ ተጠርጎ፣ ከአቧራው ጋር የተደባለቀ አልፎ አልፎ የሚታይ ነጭ ብናኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምንከራከረው በዚያች ደቂቃ በቦታው ስላልነበረ መስመር ነው። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ጽሕፈት ቤትዎ በቀጥታ ሊያርመው የሚችለው ይህን ስለሆነ አስቀድሜ አነሣሁት።

የጨዋታው ሕግ ግብ የሚቆጠረው ኳሷ በሙሉ አካሏ የግቡን መስመር ስታልፍ ነው ይላል። የኳስ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቷ ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በመሆኑም መሬት የነካችበት ነጥብ ከመስመሩ የውስጥ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር አልፎ እንኳ የጎኗ ጥቂቱ ገና ከመስመሩ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ፣ ለሁለተኛዋ ግብ የተሻማችው ኳስ ከሜዳ የወጣች መስላ ብዙዎችን ያሳሳተችው በዚሁ ምክንያት ነበር። በእኛ ጨዋታ «ኳሷ ውስጥ ስትነጥር አይቻለሁ» የሚሉ ደጋፊዎች እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የኳሷ ውስጥ መንጠር ብቻውን ግብ መሆኗን አያረጋግጥም። ከሜዳው ዳር በስልክ የተቀረጸውም ምስል እንዲሁ አልገባችም ለሚሉት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ካሜራው በትክክል በመስመሩ አቅጣጫ እስካልቆመ ድረስ በኳሷና በመስመሩ መካከል የሌለውን ክፍተት ሊያሳይ፣ ያለውንም ሊደብቅ ይችላል።

በታላላቆቹ መድረኮች እንኳ ነገሩ ቀላል ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አግዳሚውን ገጭታ የወረደችው የእንግሊዝ ሦስተኛ ግብ እስከ ዛሬ ታከራክራለች። በ2010 ደግሞ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ያስገባችው ግልጽ ግብ ሳይቆጠር ቀረ፤ ኳሷ መስመሩን ማለፏን ለይቶ ለዳኛው የሚያመለክተው የግብ መስመር ቴክኖሎጂ የተፈቀደው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሱም ቢሆን በሰኔ 2020 በአስቶን ቪላና በሼፊልድ ዩናይትድ ጨዋታ ተሳስቷል፤ በረኛው ኳሷን ታቅፎ መስመሩን ቢያልፍም፣ በግቡ ዙሪያ የተተከሉት ሰባት ካሜራዎች በተጫዋቾቹና በቋሚው ስለተጋረዱ ለዳኛው ምልክት ሳይደርሰው ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ሰባት ካሜራ ያላየውን አንድ ስልክ አይቷል ብሎ ውጤት መሻር አግባብ አይመስለኝም።

አቤቱታ አቅራቢዎቹ «ከዚህ በፊት የተደገመ ጨዋታ አለ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ምሳሌው ግን አይረዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፊፋ የኡዝቤኪስታንና የባህሬን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ እንዲደገም አዝዟል። ያዘዘው ዳኛው ያየውን ተሳስቶ ስላየ አልነበረም። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ አንድ አጥቂ ቀድሞ ወደ ክልሉ በመግባቱ ምቱ መደገም ሲገባው፣ ዳኛው ለተከላካዩ ቡድን ቅጣት ምት ሰጠ፤ ማለትም ሕጉን ራሱን ሳተ። ኳሷ ገብታለች ወይስ አልገባችም የሚለው ግን በጨዋታው ውስጥ የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ላይ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑን ሕጉ በግልጽ ደንግጓል። ክቡርነትዎ ዛሬ ይህን ውጤት በአቤቱታ ብዛት ቢሽሩት፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ጨዋታ በሜዳው ላይ ሳይሆን በቢሮዎ ደጃፍ ያልቃል።

ቅሬታው ግን ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ባንዲራውን የያዘው ረዳት ዳኛ የአሸናፊው ትምህርት ቤት መምህር ነው። እንደማውቀው ቅን ሰው ነው፤ በእሱ ቦታ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው ደግሞ ከራሴ ሕይወት አውቃለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ ጨዋታ ባንዲራ ይዤ የራሴን ትምህርት ቤት ግብ ከጨዋታ ውጪ ብዬ ሽሬያለሁ። ተማሪዎቼ ለወራት በቂም ዓይን አዩኝ፤ የወዲያኛው ወገን ደግሞ ሌላ ጥፋት ለመሸፈን ያደረግኩት አድርጎ ወሰደው። ትክክል ነበርኩ፤ ግን የሚያምነኝ አንድም ሰው አላገኘሁም። መምህርን እንዲህ ባለ ቦታ ማቆም ለእሱም ለጨዋታውም በደል ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ በረኛው ልጅ ነው። ገና 16 ዓመቱ ነው። ስሙና ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል፤ ገሚሱ ጀግና ሲለው ገሚሱ አታላይ ይለዋል፤ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ደግሞ የራሳቸው ልጆች ያሏቸው አዋቂዎች ናቸው። ልምምድ ማቆሙን ስሰማ ልጠይቀው ሄድኩ። ጓንቶቹን አጥቦ መስኮት ላይ አስጥቷቸዋል፤ ደርቀዋል፣ ግን አላነሣቸውም። ስለ ጨዋታው እንዳላነሣበት ወስኜ ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን ራሱ ጀመረ። «መምህር፣ ወደ ደረቴ የሳብኳት ላታልል ብዬ አይደለም። መስመሩ የት እንዳለ አላወቅኩም» አለኝ። ቃሉን ለእርስዎ እንዳደርስለት ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ።

ጨዋታው ይቅር የሚሉትን ወላጆች ድካም እረዳለሁ፤ መፍትሔያቸው ግን የሚጎዳው ያላጠፉትን ነው። የተጨቃጨቅነው እኛ ተመልካቾቹ ነን፤ ልጆቹማ በመጨረሻው ፊሽካ ተጨባብጠው ማሊያ ተለዋውጠዋል። በእነዚያ 19 ዓመታት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በዚህ ጨዋታ ተስፋ ምክንያት ትምህርት ቤት ውለው የተመረቁ ልጆች አይቻለሁ። የእግር ኳስ ሕግ ራሱ የተወለደው እንዲህ ካለው ክርክር ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ደንብ ይጫወቱ ስለነበር ሲገናኙ መስማማት አቅቷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1848 በካምብሪጅ ተማሪዎች፣ በ1863 ደግሞ በለንደን የተቋቋመው ማኅበር የጋራ ደንብ ጻፉ። መጫወታቸውን አላቆሙም።

ስለዚህ ውጤቱ እንዲጸና፣ የዋናው ዳኛ ሪፖርትም የተማሪዎች ስም ተሸፍኖ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው ጨዋታ ሦስቱም ዳኞች ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች ውጪ ይመደቡ፤ የግቡም መስመር በእረፍት ሰዓት እንደገና ይሠመር። ይህ አንድ ባልዲ ኖራና የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሰው ከቸገረው እኔ ራሴ መጥቼ አሠምራለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ቀን በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ እስካሁን አልተለጠፈም። ልምምድ ያቆመው ልጅ በየቀኑ በዚያ ሰሌዳ ፊት ያልፋልና፣ ቀኑ ይህ የትምህርት ዘመን ሳይዘጋ እንዲለጠፍ በትሕትና እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር