ባቲ ላለው አባቴ

ደሴ፣ እሑድ ማታ

አሰላሙ ዐለይኩም አባ፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉሙን እንደለበሰ ነው። ደሴ ብርዷ አይቻልም እያሉ ባቲ ላይ መቅረትዎ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው «ጎልማሳ ሆነህ በመጫወቻ ታንክ ትጫወታለህ አሉ» ብለው ስቀው ስልኩን ዘጉብኝ። መልሼ ብደውል ኔትወርኩ እምቢ አለ። ስለዚህ ጻፍኩ። እህቴ ታንብብልዎት፤ ወሬውን ያቀበለችው እሷ አይደለች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። እሑድ ከሰዓት እዚያ ተሰብስበን የድሮ ውጊያዎችን ጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። ጠረጴዛው ሁለት ኮምፔንሳቶ ተገጥሞ የተሠራ ነው። ተራራው ፎም ነው፤ ሙጫ ተቀብቶ አሸዋ ተነስንሶበታል። ዛፉ አረንጓዴ ቀለም የጠጣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ታንኮቹ 1 ለ 72 ናቸው፤ የእውነተኛው ታንክ 72 ሴንቲ ሜትር እኛ ጋ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥቂቶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የቀሩትን ከካርቶን ቆርጠን ሠርተናል።

ጨዋታው በተራ ነው። አንዱ ታንኮቹን ያስኬዳል፤ ርቀቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል። ከዚያ ይተኩሳል፤ ዳይስ ይጣላል። የሚመታው ከራቀ ወይም ዛፍ ከጋረደው ትልቅ ቁጥር ያስፈልጋል። ቢመታም ገና ነው፤ ብረቱን መብሳት አለመብሳቱ በሌላ ዳይስ ይታያል። ጭቅጭቁ የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው። የታንክ ፊቱ ወፍራም፣ ጎኑ ስስ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ የጀርመን ታንክ፣ ታይገር፣ 57 ቶን ያህል ነበር፤ የፊት ብረቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 80። የሩሲያው ቲ 34 ክብደቱ የሱን ግማሽ ያህል ነው። የፊት ብረቱ 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ጋደል ተደርጎ ስለተሠራ ጥይት ያንሸራትታል። እንዲያም ሆኖ ታይገርን ፊት ለፊት ልግጠምህ ያለ ይቃጠላል። ዞሮ በጎን መምጣት አለበት።

እኔ ግን የምወደው የደምበጉናውን ውጊያ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ላይ ጣልያንን የገጠመበት። አያቴ ስለ ደሴ መደብደብ ሲያወሩ የሰማነው እኮ የዚያው ሰሞን ነው፤ አውሮፕላኖቹ የመጡት ኅዳር 26 ነበር። ጣልያን ደምበጉና ያሰለፈው ታንክ ኤል 3 የሚባለው ነው። ሦስት ቶን ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፤ ከእርስዎ የጭነት መኪና፣ ከኤንትሬዎ፣ ጭነት ያንሳል። ሁለት ሰው ይይዛል። የሚዞር ራስ የለውም፤ መትረየሱ የሚያየው ወደ ፊት ብቻ ነው። ፊቱ የቆመ አለቀለት። ከኋላው የመጣ ሰው ግን አናቱ ላይ ቢወጣ ምንም አያደርገውም። የእኛዎቹ ይቺን አወቁበት። ከኋላ እየሮጡ ወጡበት፤ ታንክ ማረኩ፣ አቃጠሉም።

ይህን ወደ ጠረጴዛ ስናመጣ ባለ ሦስት ማዕዘን ካርቶን ቆረጥን። ታንኩ አፍንጫ ላይ ይደረጋል። ካርቶኑ ያረፈበት ሰው ይተኮስበታል፣ ከሱ ውጭ ያለው ተረፈ። ታንኩ ልዙር ካለ ከጉዞው ይቀነስበታል። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዳይሱ አንድ ካመጣ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ እዚያው ቀረ። ለእግረኛው ደግሞ የወኔ ዳይስ አለ፤ መትረየስ ወዳለበት መሮጥ ቀላል አይደለማ። የሚገርመው፣ ከባዱ ጣልያንን ሆኖ መጫወት ነው። ታንኮቹን ጀርባ ለጀርባ ካላቆመ በሦስተኛው ዙር አበቃለት።

አንድ ያልተጻፈ ሕግም አለን። እዚያ ክፍል ያለ ሰው በዓይኑ ያየውን ጦርነት አንጫወትም። በቅርቡ አንድ አዲስ ልጅ «ለምን እዚሁ ደሴ አጠገብ የሐረጎን አንሠራም? የ2014ቱን ውጊያ?» አለ። ሜትር የያዘው ልጅ ሜትሩን ጠቅልሎ ሻይ ሊያዝ ወጣ። ሌላ ሰው ስለ ቀለም ማውራት ጀመረ። ልጁ ገባው፤ ደግሞ አላነሳውም። «ጦርነት ይቀለድበታል ወይ?» ያሉኝን አልረሳሁም አባ። እኔም አንዳንዴ የካርቶኑን ሰው ከጠረጴዛ ሳነሳ ትዝ ይለኛል። ግን ደምበጉናን ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ያ ሰው ለምን ከኋላ እንደሮጠ የገባኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በቁልቁለት ነገር ተጣልተናል። እነሱ «ታንክ ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፤ ርቀት ይጨመርለት» ይላሉ። እኔ ደግሞ «የአሰብን መንገድ በኤንትሬ ከነተሳቢው የኖረበት ሰው ልጅ ነኝ። ከባድ መኪና በወጣበት ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ይቀነስበት» አልኩ። ሰንሰለትና ጎማ አንድ አይደለም ብለው አፌን አስያዙኝ። እርስዎ ዶዘር ጭነውም አውርደውም ያውቃሉ። ዶዘር ቁልቁለት ላይ እንዴት ነው የሚይዘው? አግድም ሲዞርስ ሰንሰለቱ የሚወልቀው በላይኛው በኩል ነው በታችኛው? ለእህቴ ይንገሯትና በቴሌግራም በድምፅዎ ትላክልኝ። በእርስዎ ድምፅ ከሆነ አይከራከሩም። ከእሑድ በፊት ይድረሰኝ።

ከሆነልዎ ደግሞ ራስዎ ይምጡ። መናኸሪያ እቀበልዎታለሁ። ጋቢ አይርሱ፤ ክፍሏ ፀሐይ አታገኝም።

የእማን መድኃኒት ሰኞ ለገበያ በሚወርድ ሰው እልካለሁ። ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ