የታመመ ብሮኮሊ ከነሥሩ እንዲመጣ ለምን ጠየቅን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በችግኝ ጣቢያችን በር ላይ የለጠፍናት ወረቀት ብዙዎቻችሁን አስከፍታለች። «የታመመው ብሮኮሊ ከነሥሩ ካልመጣ ችግኝ አንተካም፤ መድኃኒትም አንሸጥም» ትላለች። ሳናስረዳችሁ መለጠፋችን ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። «ሸጠው ካዱን» መባሉ ግን ልቤን ነክቶታል።

ይህን ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እናቴ ጓሮ፣ በአንዲት የጎመን መደብ ነው። ያኔ ብሮኮሊን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። «ይሄ ደግሞ እንዴት ይበላል?» እያላችሁም ቢሆን የገዛችሁኝ እናንተ ናችሁ። ውለታችሁን አልረሳም። ስለዚህ «ጠወለገብኝ» ባላችሁኝ ቁጥር ሳልጠይቅ እተካ ነበር።

ግን ጠወለገ ማለት ብዙ ነገር ነው። ውኃ ጠምቶት ይሆናል። ቀን ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ፣ ሥሩም አብጦ ዱላ ከመሰለ፣ ክለብ ሩት የሚባለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እዚያው መደብ ላይ አዲስ ችግኝ ብሰጣችሁ እሱም ይታመማል። እኔም ከስሬ፣ እናንተም ደክማችሁ እንቀራለን።

መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ብለውኝ ሳላይ የትል መድኃኒት ሸጥኩላቸው። በኋላ ቅጠሉን ሲያመጡልኝ ቢጫው ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ሦስት ማዕዘን ወደ ውስጥ ሾሏል። ጅማቶቹ ጠቁረዋል። ባክቴሪያ ነው፤ የትል መድኃኒት አይነካውም። ገንዘባቸውን ስመልስላቸው አፈርኩ። ይህ በሽታ ከዘር ጋርም ይመጣል። ከእኛ የመጣ ከሆነ፣ ያለ ክርክር እንተካለን።

ትንሿ አረንጓዴ ትል፣ ስትነካ የምትፈራገጠውና በክር የምትንጠለጠለው፣ መድኃኒት ቶሎ ትለምዳለች። በግምት ከተረጨ ለሁላችንም ይብስብናል። ክሽክሽ፣ ቅጠል ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ደግሞ ገና ሲጀምር ቅጠሉን ገልብጦ በውኃ ማጠብ ይበቃዋል። ለዚህ ብር አታውጡ።

በወጪያችን ላስቸግራችሁ አልፈልግም፣ ግን እወቁልን። ዘሩ ከውጭ ነው የሚመጣው። የዘሩም፣ ችግኝ የምናፈላበት ትሪም፣ የትራንስፖርቱም ዋጋ ጨምሯል። ትሪ ላይ ያረጀ ችግኝ አናቱ ቁልፍ አክሎ ስለሚቀር፣ 6 ሳምንት ያለፈውን እየጣልን ነው። ያማል፣ ግን አሮጌ አንሸጥላችሁም። በሚያዝያ ሙቀት አናቱ ተበትኖ ቢያብብ ግን በእኛ አትፍረዱ። ብሮኮሊ ብርድ ይወዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ትከሉት።

የታመመውን አንድ ተክል ከሥሩ አፈር ጋር ነቅላችሁ፣ በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩልን። መደቦቻችን እንዳይበከሉ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት እኔው በር ላይ ነኝ። ለማየት አናስከፍልም። የተቀየማችሁም ብትሆኑ አንድ ጊዜ ኑና አብረን እንየው።

አክባሪያችሁ፣
የችግኝ ጣቢያው ባለቤት፣ ባሕር ዳር