«ሻይን ኤ ላይት»ን ስሰማ አንተን አሰብኩ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! ኑሮ ሁለታችንንም ወጥሮ ይዞን ነው እንጂ ከልቤ ወጥተህ አታውቅም። ዛሬ የምጽፍልህ በአንድ ዘፈን ሰበብ ነው።

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን «ኤግዛይል ኦን ሜን ስትሪት» ታውቀዋለህ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም። ከ18ቱ ዘፈኖች 17ኛው «ሻይን ኤ ላይት» ይባላል። ሲጀምር ፒያኖና የባንዱ ድምፃዊ የሚክ ጃገር ድምፅ ነው የሚሰማህ። የደከመው ሰው ድምፅ ነው። አዝማቹ ላይ ግን ተቀባዮቹ፣ እነ ክላይዲ ኪንግና ቬኔታ ፊልድስ፣ አብረውት ሲያነሱት የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የገባህ ይመስልሃል።

ፒያኖውንም ኦርጋኑንም የሚጫወተው ቢሊ ፕሬስተን ነው። ገና በልጅነቱ ዝነኛዋን ዘማሪ ማሄሊያ ጃክሰንን በኦርጋን ያጀበ ሰው ነው፤ ጎስፔል፣ የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ አብሮት ነው ያደገው። አልበሙ በወጣበት ዓመት ጥር ላይ ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር በቀጥታ ስትቀዳ፣ ጃገርና የባንዱ ከበሮ መቺ ቻርሊ ዋትስ ከሕዝቡ መሃል ነበሩ። ዝግጅቱ በተቀረጸበት ፊልም ላይ ይታያሉ። የስቶንስ አልበምም ያለቀው በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ከተማ ነው።

የዘፈኑ መነሻ ብራያን ጆንስ ነው። ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በሱስ ተጎድቶ በ1969፣ በ27 ዓመቱ፣ ዋና ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ግጥሙ ውስጥ ጃገር ሰክሮ የወደቀ ወዳጁን ያየዋል። አይገስጸውም። አዝማቹ ላይ ይመርቀዋል፦ ጌታ ብርሃኑን ያብራልህ ይለዋል።

ልቤን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። ጃገር ብቻውን ቢለው ኖሮ የአንድ ሰው ሐዘን ሆኖ ይቀር ነበር። ተቀባዮቹ ሲገቡበት ግን አሜን የሚል ጉባኤ አገኘ። ሰባኪው ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል፤ ጎስፔል ለዚህ ዘፈን የሰጠው ይህንን ነው። ሐዘኑን ብዙ ሰው ተካፈለው።

በጆሮ ማዳመጫ ስማው፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ። የሚክ ቴይለር ጊታር ሲመጣ ልብ በል፤ በብራያን ቦታ የተተካው እሱ ነው። ከዚያ የትኛው ቦታ ላይ እንደያዘህ ጻፍልኝ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ወንድምህ