ነፃ ማድረስና ኩፖን ለምን ቀሩ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የጻፋችሁልንን አንድ ሳይቀር አንብቤዋለሁ። «ገብጋቦች ሆናችሁ» ያላችሁንም፣ «እናንተም እንደ ትልልቆቹ?» ያላችሁንም። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ግን «ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም» ብለው ብቻ ዘጉት። ከስድቡ ሁሉ ይሄኛው ነው ሆዴ የገባው።

እንዳያችሁት የአባጆራ ቆብ በኦንላይን ከምንሸጥበት ሱቃችን ነፃ ማድረስ ቀርቷል። የ15 በመቶው ኩፖንም ከእንግዲህ አይሠራም። ልትከፍሉ ስትሉ ያልለመዳችሁት ሒሳብ ስለመጣባችሁ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን የማጥፈው አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

ከማድረሻው ልጀምር። የአባጆራ ቆብ ቀላል ዕቃ ነው፤ ሽቦና ጨርቅ ብቻ። ሳጥኑ ግን ሰፊ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሽቦው ይጣመማል። ፈጣን ዕቃ አድራሾች ደግሞ የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ያባዙና ብዙ ጊዜ ለ5,000 ያካፍሉታል። የወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚታሰበው እሱ ነው። መካከለኛውን ሳጥናችንን እንውሰድ፤ 40 በ40 በ35 ነው። ሲባዛ 56,000፣ ሲካፈል 11.2 ኪሎ። ሚዛን ላይ ስናወጣው ቆቡ 1 ኪሎ አይሞላም። የቀረው 10 ኪሎ አየር ነው፤ የሚከፈልበት ግን የምር ገንዘብ ነው። ይህን ዓመታት ሙሉ ከኪሴ ስሸፍን ኖሬያለሁ። «ነፃ» የሚለውን ስታዩ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁና።

«ታዲያ ያኔ እንዴት ቻላችሁት?» ትሉ ይሆናል። ያኔ ገዢ ማግኘት ርካሽ ነበር። ሱቁን ስከፍት የነበረኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ጠረጴዛ ነው። ቀን እዚያው ላይ እሰፋለሁ፣ ማታ እዚያው ላይ አሽጋለሁ። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ትንሽ ገንዘብ ለማስታወቂያ እመድባለሁ። ጠዋት ስነሳ ትዕዛዝ ይጠብቀኛል። ማስታወቂያው ቤቱን ሊያስውብ የተነሳውን ሰው ከየት ፈልጎ እንደሚያመጣው አላውቅም ነበር። ብቻ ያመጣው ነበር።

ኋላ ነገሩ ተለወጠ። የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሸጠው በጨረታ ነው። እኔና ግዙፉ ሻጭ አንድ ሰው ፊት ለመታየት እንጫረታለን። የዓመቱ መጨረሻ የቅናሽ ሰሞን ሲደርስ ጨረታው ይጦፋል፤ የእኔ በጀት ምሳ ሰዓት አይደርስም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 አፕል የአይፎን ስልኮችን በሚያሠራው ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ 14.5፣ አዲስ ነገር አመጣ። መተግበሪያዎች ሰውን በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ ለመከታተል አስቀድመው ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ብዙ ሰው «አይሆንም» አለ። ማስታወቂያው ገዢዬን ፈልጎ የሚያገኘው ለካ በዚያ ክትትል ነበር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2022 መጀመሪያ ላይ ይህ ለውጥ በዚያው ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ተናገረ። እሱ እንዲህ ካለ የእኔን ቢጤ አስቡት። መቼም አልዋሽም፣ የእኔም ስልክ ሲጠይቀኝ «አትከታተለኝ» ነው ያልኩት። ለሰው ጥሩ ነው። ለሱቁ ግን አዲስ ገዢ ውድ ሆነ። ከአንዳንዱ ትዕዛዝ የሚገኘው ትርፍ እንዳለ ለማስታወቂያ ይሄድ ጀመር።

ኩፖኑም አዲስ ገዢ የማምጣቱ ዘመቻ አካል ነበር። «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ» ነው የሚለው። እናንተ ደግሞ ብልጦች ናችሁ። በየትዕዛዙ አዲስ ኢሜይል ከፍታችሁ የምትመጡትን አውቃችኋለሁ፤ ስማችሁም የቤት ቁጥራችሁም ያው ነው እኮ! ዝም ያልኩት ወድጄ ነው። እያደር ግን ነገሩ ከነከነኝ። እንግዳው ቅናሽ ያገኛል። ዓመታት አብሮን የቆየው ወይ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፣ ወይ እንደ እንግዳ ተደብቆ ይመጣል። ይሄ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ማርኬቲንግ እናውቃለን የሚሉት የመከሩኝ አንድ ነው። የማድረሻውን ወጪ ዕቃው ላይ መጫንና «ነፃ» ብሎ መለጠፍ። ያዋጣል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ቆብ በአንድ ሳጥን ያዘዘ ሰው ማድረሻውን ሁለቴ ይከፍላል። ቅርብ ያለው ለሩቁ ይከፍላል። ሌላው ምክር ዋጋ ሰቅሎ «ቅናሽ» ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለመቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያውጅ ሻጭ ባለፉት 30 ቀናት የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ደንግጓል። እኔ ሕግ እስኪያስገድደኝ አልጠብቅም። «10 ደቂቃ ብቻ ቀረው» እያለ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓትም ገጻችን ላይ አታዩም። ገጹን ዘግታችሁ ስትከፍቱት እንደገና ከ10 የሚጀምር ሰዓት ማንን ያታልላል?

የሚያስፈራኝንም አልደብቃችሁም። የኦንላይን ግብይትን የሚያጠናው ቤይማርድ ኢንስቲትዩት እንደሚለው ከ10 የኦንላይን ቅርጫቶች (ገዢው የመረጣቸው ዕቃዎች የሚጠራቀሙባቸው) 7 ያህሉ ሳይከፈልባቸው ይተዋሉ። ለመግዛት አስቦ ከመጣው ሰው መካከል በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ተጨማሪ ወጪ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የወሰንኩት። ስለዚህ የማድረሻው ሒሳብ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከዕቃው ዋጋ ሥር ይታያል፤ ቅርጫት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት። የዕቃዎቹ ዋጋ ራሱ ዝቅ ብሏል፣ ጨርቁም ካርቶኑም እየተወደደ ሳለ። ለማስታወቂያ ይወጣ የነበረው ገንዘብ የሄደው እዚያ ነው። ይህን አይቶ የጻፈልኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

አንድ ልመና አለኝ። ተናዳችሁ ኢሜይላችንን «ስፓም»፣ ማለትም ያልተፈለገ መልእክት፣ ያላችሁት አላችሁ። ጂሜይል ከ2024 ወዲህ ባጠበቀው ደንቡ የላኪው የስፓም ቅሬታ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። ከ1,000 ሰው 3 ማለት ነው። እዚያ ከደረስን የሌላው ደንበኛ የትዕዛዝ ማረጋገጫ ሳይቀር ላይደርሰው ይችላል። ካልፈለጋችሁን ከታች «ከዝርዝሩ አስወጡኝ» የሚለውን ተጫኑት። አንቀየማችሁም። እሺ፣ ትንሽ እንቀየም ይሆናል፤ ግን ወዲያው እናስወጣችኋለን።

የቀረው አጭር ነው። ከለውጡ በፊት የታዘዘ ሁሉ በድሮው ውል ይላካል። ሾጣጣዎቹ ቆቦች አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገቡ ሁለት ስታዝዙ የምትከፍሉት የአንድ ማድረሻ ነው። ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ በአንድ አድራሻ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ስም ለይተን እናሽግላችኋለን። ጥያቄ ወይም ቁጣ ያለው ለዚሁ ኢሜይል ይመልስልኝ። የማነበውም የምመልሰውም እኔው ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት