የአያትህን የደናኔ ትዝታ በተመለከተ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ ቀርቻለሁ፤ ሥራና ኑሮ ሰበብ እንጂ ምክንያት እንደማይሆኑ ታውቃለህና ይቅርታህን ከመለመን በቀር የምለው የለኝም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው መስከረም ለሥራ ፕራግ ሄጄ ያየሁት ነገርና ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ ያለው፣ በሕፃንነታቸው ሶማሊያ ውስጥ ደናኔ በተባለው የጣሊያን ማጎሪያ የታሰሩት የአያትህ ጉዳይ ነው።

ፕራግ ውስጥ ፒንካስ በተባለው ምኩራብ ግድግዳ ላይ ናዚዎች የፈጇቸው ወደ 80,000 የሚጠጉ የቦሔሚያና የሞራቪያ አይሁድ ስም አንድ በአንድ ተጽፏል። ፎቁ ላይ ቴሬዚን በተባለው ማጎሪያ የነበሩ ልጆች የሳሏቸው ሥዕሎች ይታያሉ። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች እስረኛ ሠዓሊ በተገኘው ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ታስላቸው ነበር፤ ሲጨርሱም ስማቸውን እንዲጽፉበት ታደርግ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 አውሽዊትዝ ወደ ተባለው የናዚዎች የሞት ማጎሪያ ተወስዳ ተገደለች። ወደ 4,500 የሚሆኑት ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተቀምጠው ተረፉ፤ ከሳሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ አልተረፉም። እኔ ከሥዕሉ ይልቅ በወረቀቱ ጥግ ላይ ያሉትን ጠማማ ፊደሎች እያየሁ ብዙ ቆምኩ።

በየማጎሪያው የተረፉት ልጆች ጥቂት ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብሪታንያ 1,000 ወላጅ አልባ ልጆች እንዲገቡ ብትፈቅድ ተፈልገው የተገኙት 732 ብቻ ሆኑ፤ የተፈቀደው ቁጥር እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ጀርመን ውስጥ ከዳካው ማጎሪያ ብዙም በማይርቀው በኢንደርስዶርፍ ገዳም ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1945 ልጆችን ሰብስበው፣ ዘመድ ቢያያቸው እንዲያውቃቸው፣ እያንዳንዱን ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ደረቱ ላይ አስይዘው ፎቶግራፍ አነሷቸው።

የልጆቹ ትዝታ ዕጣ ግን ያሳዝናል። ዴቪድ ቦደር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 የድምፅ መቅጃውን ተሸክሞ ወደ አውሮፓ በመሄድ ከሞት የተረፉ ሰዎችን፣ ወጣቶችንም ጭምር፣ ቃልና ዘፈን ቀድቷል። በፖላንድም የአይሁድ ታሪክ ኮሚሽን ከሕፃናት ሳይቀር ምስክርነት ሰብስቧል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ልጆች በአሳዳጊዎቻቸውና በዘመዶቻቸው ዘንድ «አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ፣ ምን ታስታውሳለህ?» እየተባሉ ዝም አሉ። ከ50,000 በላይ ሰዎች በቪዲዮ የመሰከሩበት ተቋም በስቲቨን ስፒልበርግ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያኔ በሕፃንነታቸው የታሰሩት አያት ሆነው ነበር።

ሕፃን የገባበትን ወር አያውቅም፣ የአዛዡን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የእናቱን ነጠላ፣ የዳቦውን ጠረን፣ አንድ ሌሊት የሰማውን ድምፅ ነው። ጠያቂዎች ግን ቀንና ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቀኑን ሲያጡም ቃሉን እንደ ተረት ይቆጥሩታል፣ ወይም የተቆራረጠውን ራሳቸው ይሰፉታል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ተሰፍቶ ያማረ ትዝታ የልጁ መሆኑ ቀርቶ የሰፋው ሰው ይሆናልና።

ይህን ስል አያትህ ትዝ አሉኝ። ተማሪዎች ሳለን ቤታችሁ ቡና ስንጠጣ፣ የደናኔ ውኃ ጨው ጨው ይል እንደነበር፣ እናታቸው ጋሌጣውን፣ ያን ደረቅ ብስኩት፣ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ትሉን ያወጡ እንደነበር ነግረውን አልነበረም? አጎትህም «እሜቴ፣ እሱ በዚያ ዓመት አይደለም» ብለው አቋረጧቸው፤ አያትህም ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም አንተም ዝም አልን። በዚያ ዝምታዬ እስካሁን አፍራለሁ።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከነቤተሰባቸው ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ስለ ተጋዙት ወገኖቻችን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሚካኤል ተሰማ የተባሉት እስረኛ ደናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ መሞታቸውን መስክረዋል፤ በልጅነታቸው እዚያው የታሰሩት አምባሳደር እምሩ ዘለቀም ቃላቸውን ሰጥተዋል። እንደ አያትህ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበሩትን ግን ማን ጠየቃቸው?

ስለዚህ አደራ የምልህ ይህን ነው። ሳይደክሙ ጠዋት ጠዋት፣ ስልክህን አጠገባቸው አኑረህ አስወራቸው። ከባሕሩ ወደ በቅሎው ቢዘሉ አትመልሳቸው፣ «መቼ ነው?» አትበላቸው፤ ቀኑን እኔና አንተ በኅዳግ እንሞላዋለን። ቃላቸውን በራሳቸው አነጋገር ጻፈው፣ አታቃናው። እናታቸው ያንጎራጉሩት የነበረ ዜማ እንዳለ ጠይቅልኝ፤ ካለ ያዚሙልህና ቅዳው።

አጎትህ ለጉዳይ የሚወጡበትን ቀን ብትመርጥ ደግሞ ሥራው ይቀልሃል።

ናፋቂህና አክባሪ ወንድምህ