የአስተርጓሚው ወንበር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን አለ። ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ እዚያች ደሴት ላይ ዳኝነት አለ?» ብለው ጠየቁኝና መስመሩ ተቋረጠ። አለ አባባ። በደንብ አድርጎ አለ። ነገሩ ከችሎት አስተርጓሚነት ሥራዎ ጋር ስለሚገናኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎት ፈለግሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

የሲሸልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ መሃል ላይ የብር ቀለም የተቀባች ትንሽ የሰዓት ማማ አለች። የቆመችው በ1903 ነው። አጠገቧ ያለው አሮጌ ሕንፃ ለብዙ ዘመን የሲሸልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር፤ አሁን የታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ችሎቱ በ2013 ኢል ዱ ፖር ወደሚባለው አካባቢ፣ በቻይና ድጋፍ ወደተሠራ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። «ጠቅላይ» ስልዎት ታዲያ የእኛው ሰበር ሰሚ እንዳይመስልዎት። እዚህ ጠቅላይ የሚባለው ከባድ ክስ የሚጀመርበት፣ ምስክር ቆሞ የሚሰማበት ቤት ነው። ቅር ያለው ከዚያ በላይ ወዳለው ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሰፈሩባት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1814 ውል ለእንግሊዝ ስትተላለፍ ገዢው ተቀየረ፤ የናፖሊዮን ሕግ ግን ባለበት ቀጠለ። እስከ 1903 በሞሪሸስ ሥር ነበረች። በዚያ ዓመት ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ስትሆን የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋቋመላት።

እስቲ ያስቡት አባባ። ሕጉ ፈረንሳይኛ፣ ችሎቱ እንግሊዝኛ፣ ባለጉዳዩ ደግሞ የአገሬው ቋንቋ ክሪዮል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ሥራ ላይ የዋለው ገና በ1976 ነው፤ ነጻነታቸውን ባገኙበት ዓመት። ያረቀቀላቸው ክሎሮስ የሚባል የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ይህን ሳነብ የእኛው ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቆት፣ ከዚያ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። እነሱም እኛም የተዳኘነው በተተረጎመ ሕግ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል። እንግሊዞች ይህችን ደሴት የግዞት ቦታ አድርገዋት ነበር። የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን በ1900 አምጥተው እስከ 1924 አስቀመጧቸው። የግብፁን የነጻነት ታጋይ ሰዓድ ዛግሉልን አመጡ። በ1956 ደግሞ የቆጵሮሱን ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስን። አንዳቸውም ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ፍርድ ቤቱ እዚያው ከተማ መሃል ቆሞ እያለ! በ1977 በተደረገው መፈንቅለ መንግሥት ስለመጣው የአንድ ፓርቲ ዘመን ብዙ አልጽፍልዎትም፤ እርስዎም እንዲህ ያለውን ዘመን ያውቁታል። በ1993 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። የሞት ቅጣት ቀረ። የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያገኝም በዚያው ተጻፈ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በታኅሣሥ 2009 ቶፓዝ የተባለችው የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ መርከብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሶማሌ ወጣቶች በባሕር ላይ ዝርፊያ ተከሰው ተያዙ። አገሪቱ መቶ ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ነው የነበራት። ዳኛ እንኳ ከውጭ ታስመጣለች፤ በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኡጋንዳዊ ነበሩ፤ ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ዱንካን ጋስዋጋም ኡጋንዳዊ ናቸው። በሐምሌ 2010 አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። የዚያ ዓይነት ክስ ከዚያ በኋላም ተደጋገመ።

እኔን የያዘኝ ፍርዱ አይደለም። የሶማልኛው ነገር ነው። ኡጋንዳዊ ዳኛ፣ የእንግሊዝኛ መዝገብ፣ ክሪዮል የሚናገር ዘብ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሶማልኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ። የዚያ ልጅ አሥር ዓመት ባስተርጓሚው አፍ ላይ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት እረፍት ወጥቼ አዲሱ ሕንፃ ሄድኩ። ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። የመሬት ክርክር ነበር። ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ በክሪዮል ይናገራሉ፤ አስተርጓሚዋ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። አንድ ቦታ ላይ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደሱ አላልኩም» ማለታቸው ነው። ልጅቷ አልተከራከረችም። ደግማ ጠየቀቻቸው፣ ሰማቻቸው፣ ወደ ዳኛዋ ዞራ አስተካከለች። ዳኛዋም የጻፉትን ሰርዘው እንደገና ጻፉ።

አባባ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። ድሬ እያለን የነገሩኝ የግመሉ ነገር ነው ትዝ ያለኝ። ሰውዬው «ተረከብኩ» ያለውን እርስዎ «ወሰድኩ» ብለው ተርጉመው፣ ዳኛው ሊያልፉ ሲሉ ብድግ ብለው «ክቡር ዳኛ፣ ስህተቱ የኔ ነው» ያሉት። ያኔ ልጅ ነበርኩ። በሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለትዎ አሳፍሮኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሰውዬው በመጨረሻ ተፈታ ወይ? ነግረውኝ ከሆነ ረስቼዋለሁ። ለእህቴ ይንገሯትና በስልኳ ቀድታ ትላክልኝ፤ ሶማልኛውንም እርስዎ ራስዎ እንዳሉት ይበሉት። የዓይን ጠብታውን በሰው እጅ ልኬያለሁ፤ ማታ ማታ አይርሱ። ለፋሲካ እመጣለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ከቪክቶሪያ፣ ሲሸልስ